ሞተሩ ዝም ካለ ወዲህ

ኪሮስ የኔ ዓለም፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ያለ አንተ ሦስተኛውን ፍልሰታ ጾሜ ፈታሁ። ይህን የምጽፍልህ በዚያው «የዶሮ ጭረት» እያልክ በምትስቅበት የመሠረተ ትምህርት ጽሕፈቴ ነው። አሁንም አልተሻሻለም፤ እንደ ልብህ ሳቅብኝ።

ትልቁን ወሬ ልንገርህ። ለከተማው መብራት ይሰጥ የነበረው ሞተርህ ቆመ። ተበላሽቶ አይደለም፣ ናፍጣ አልቆበትም አይደለም። አንተ ለመስመሩ ሰዎች ባሳየሃቸው ቦታ በቆሙት ምሰሶዎች ላይ ሽቦው ተዘርግቶ፣ በኮረም በኩል ቀን ከሌት የሚበራ መብራት ሰቆጣ ገባ። ከግድብ ውሃ ነው የሚመጣው አሉኝ። እኔ ውሃ እሳት ሲያጠፋ እንጂ ሲያበራ አይቼ አላውቅም። ይኸው በራ፤ ጭስ የለው፣ ጩኸት የለው።

ሞተሩን ያስረከቡህ እኔን ባገባህ ሰሞን ነበር፣ ደርግ በወደቀ ማግሥት። ከሁለታችን ማንን አብልጠህ እንደምትወድ እስካውቅ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። አልነሳ ሲልህ መጀመሪያ በአማርኛ ትለምነዋለህ፣ እምቢ ሲል በኽምጣና ትሰድበዋለህ፤ እሱም ስድቡን ሲሰማ ይነሳል። እኔን ግን በየትኛውም ቋንቋ ሰድበኸኝ አታውቅም።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ሊሆን ሲል መብራቱን ሦስት ጊዜ ድርግም ብልጭ ታደርገው ነበር፣ ላጠፋው ነውና ተዘጋጁ ለማለት። ሰዉም «ኪሮስ ጠቀሰ» ይላል። የሚያጠና ደብተሩን ያጥፋል፣ የምታበስል ድስቷን ታወጣለች፣ ፊት ለፊታችን ያለው ባለሱቁ ሰይድ ፋኖሱን ሲፈልግ ዕቃውን ይገለብጣል። ለእኔ ግን ጥቅሻው ሌላ ነገር ነበር። እራትህን የማሞቀው በእሱ ምልክት ነበር። ሦስተኛውን ሳይ ብድግ ብዬ ሽሮውን እጥዳለሁ፤ ሽሮው ሲንተከተክ አንተ በር ላይ ታስላለህ።

ያ ሳል! ጋቢህን በእንዶድ ባጥበው ባጥበው የናፍጣው ሽታ አልለቅ አለኝ። ጠዋት የምትተፋው ጥቁር ነበር። የሞተር ቤቱ ግድግዳ ከል መስሏል፣ በጭስ ማውጫው በኩል ያለችው ወይራ እንኳ በአንድ ወገኗ ደርቃ ነበር። ዛፍ ያልቻለውን አንተ ልትችለው ነው ወይ፣ ተወው ይህን ሥራ ብዬ ስንቴ ለምኜሃለሁ። አንተ መልስህ አንድ ነው፤ ጤና ጣቢያ ምጥ የያዛት ሴት ብትመጣ ማን ያበራላታል ትለኛለህ።

የመስመሩ ሰዎች ሲመጡ ከማንም ቀድመህ የተቀበልካቸው አንተ ነህ። ምሰሶ የሚቆምበትን እየዞርክ አሳየሃቸው፣ አንዱንም በገዛ ደጃችን አስተከልክ። እኔ ጨስኩ። መብራቱ ሲገባ አንተን ማን ይፈልግሃል፣ ሰው እንጀራውን በገዛ እግሩ ይገፋል ወይ ብዬ ጮህኩብህ። አንተ አልተቆጣህም። ይህ ሞተር ጡረታ ሲወጣ እኔም አየር አገኛለሁ አልከኝ። ደረትህ እስከዚያ አልጠበቀህም። ምሰሶዎቹ ሽቦ ሳይዘረጋባቸው፣ በዚያው ክረምት ቀበርንህ።

ሞተሩ ግን በሌላ ሰው እጅ መሥራቱን ቀጠለ። ማታ ድምፁን ስሰማ ሥራ ላይ ያለህ ይመስለኝ ነበር። መሞትህን አጥቼው አይደለም፤ እንዲያው ደስ ይለኝ ነበር። ስለዚህ አዲሱ መብራት ገብቶ ሞተሩ ዝም ሲል፣ ከተማው እልል ሲል፣ እኔ በሬን ዘግቼ እንደ አዲስ አለቀስኩህ። ለእኔ የሞትከው ያን ቀን ነው።

ቤታችሁ እናስገባላችሁ ብለው ሲመጡ እምቢ አልኩ። ምሰሶው ደጃችን ቆሞ፣ የቀረው ሽቦዋን ሳብ ማድረግ ብቻ ሆኖ፣ እምቢ! የመብራቱ ሰው ቤት በኩራዝ ሆነ እያሉ አሙኝ። ሰይድ እንኳ፣ አንቺ ሴት፣ ሟች በጨለማ ነው እንዴ የሚታሰበው ብሎ ተቆጣኝ። የፈራሁትን አልነገርኳቸውም፣ ላንተ ልንገርህ። ሞተሩ ከሄደ፣ እኔም አዲሱን ካበራሁ፣ በዚህ ከተማ ኪሮስ ብሎ ስምህን የሚያነሳ ማን ይቀራል ብዬ ነው።

ልጃችን ሀዳስ ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች። ኩራዙን አፍንጫዋ ሥር አድርጋ ነበር የምታጠናው። አንድ ጠዋት ስትናፈጥ መሐረቧ ጠቆረ። ሰነበተችና ማሳል ጀመረች። ኪሮስ፣ ሳሉን አወቅሁት! አንተን የበላህን ጭስ፣ ላምባ እየገዛሁ ለልጅህ በእጄ ሳበላት ከርሜያለሁ። በዚያው ቀን ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩና አስገቡልኝ አልኳቸው።

አሁን አምፑል አለን። ሳሏም ቀለል ብሏታል፣ ክብሩ ይስፋ። ሞተሩን በመኪና ጭነው ወሰዱት፤ ወዴት ብዬ አልጠየቅሁም። ወይራዋ በደረቀው ወገኗ ማቆጥቆጥ ጀምራለች ትላለች ሀዳስ፤ እኔ ገና ሄጄ አላየሁም። አምፑሉን ባበራሁ ቁጥር ግን የከዳሁህ እየመሰለኝ ቀና ብዬ አላየውም ነበር።

ባለፈው ሰሞን፣ ገና መሽቶ እራት ሳይቀርብ፣ ነፋስ ሽቦውን መታው መሰለኝ መብራቱ ጠቀሰ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ኧረ ያን ጊዜ ሰፈሩን ባየኸው! ጎረቤት ድስቷን አወጣች፣ ልጆች ደብተር አጠፉ፣ ሰይድ ከሱቁ ሆኖ በዚያ ድምፁ «ኪሮስ ጠቀሰ!» ብሎ ጮኸ። ወዲያው የተናገረው ነገር ገባውና አፉን በእጁ ያዘ። አንዲት ሴት ነፍሱን ይማረው ስትል ሰማሁ፤ ከማዶ ሌላዋ አሜን አለች።

እረሱህ ብዬ ነበር። አልረሱህም።

እኔስ ብትል፣ ዞር ስል ሽሮው ምድጃው ላይ ተጥዷል። መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም። ሀዳስ ቀና ብላ አየችኝ። መብራቱ አሁን ይጠፋል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። አልጠፋም። ሽሮው ተንተከተከ፣ ዓይኔ በሩ ላይ ቀረ፣ የሚያስል ሰው የለም። ከዚያ ለልጅህና ለእኔ አቅርቤ በላን።

እንግዲህ ቃሌ ይኼው። እኔ እስካለሁ ድረስ፣ ይህ መብራት በጠቀሰ ቁጥር እነሳለሁ። ሰው ቢስቅብኝም ሽሮህን እጥዳለሁ፤ ለደረሰ እንግዳ በስምህ አቀርበዋለሁ። አንተ ግን አይዞህ፣ ናፍጣ ያልቅብኛል ብለህ አትጨነቅ። እረፍ። መብራቱ በርቷል።

ያንተው ጥሩዬ
ሰቆጣ