እርፍ የሚጨብጥ ጠፋ

ጁን 3

በሬዎቹን ምንጭ ወስጄ አጠጣሁ። ስንመለስ ጎረቤቴ ደርባን ደጅ ቆሙ… ልማዳቸው ነው፤ አርሶ ሲመልሳቸው ከእጁ ጨው ይልሱ ነበር። በሩ ተቆልፏል። በመንደሩ የቀረው አራሽ እሱ ነበር። ክረምቱን ሳይጠብቅ ከተማ ወዳለው ልጁ ወረደ። የሱቅ ዘበኛ ሆኗል አሉ።

አሁን ጭስ የሚወጣው ከሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ከእኔና ከእማማ ኪሙሊ። እሳቸውንም ልጃቸው ልትወስዳቸው ነው።

ጁን 8

ፑሽካር ከዴልሂ ደወለ።

«እማዬ፣ ዳጉሳው ተዘራ?»

«ይዘራል።»

«ማን አርሶልሽ?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«ዘንድሮ ካልተዘራ በሬዎቹን ሸጬ እመጣለሁ ብለሻል። ቃልሽ ነው።»

ብያለሁ። አምና… ደርባን እያለ። የልጄ ክፍል አንድ መስኮት አላት፤ የምታየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። እዚያ ቁጭ ብዬ ምን ልሠራ?

ጁን 13

አራሽ ፍለጋ ማዶ መንደር ሄድኩ። እዚያ የማውቀው ኬሻር ሲንግ ከሽማግሌዎቹ ጋር ካርታ ይጫወታል።

«እትዬ ሃንሲ፣ አራሽ ነው የምትፈልጊው? ስታገኚ ለኔም አንድ ያዢልኝ!»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ዳገቱን ስመለስ ነው የከበደኝ።

ጁን 17

ደመና። እማማ ኪሙሊን በነገር አዙሬ ጠየቅኳቸው።

«ድሮ ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን ማን ያርስላት ነበር?»

«ወንድሟ ነዋ።»

«ወንድም ከሌላት?»

«የጎረቤት ወንድ።»

«እሱም ከሌለ?»

ቂጣቸውን በድዳቸው ሲያላምጡ ቆዩ። ከዚያ ገባቸው።

«አንቺ! እርፍ ልትጨብጪ? ሴት ካረሰች ዝናብ ይሸሻል። እኔ እያየሁ አታደርጊውም!»

ጁን 18

በዶማ ሞከርኩ። ቀኑን ሙሉ… አንዲት ጥግ። እጄ ተላጠ።

ጁን 21

ቀንበሩን ጫንኩ። ጠዋት፣ በቀን ብርሃን። ከማን ልደበቅ?

በሬዎቹ ግን ንቅንቅ አንልም አሉ። ብጮህ፣ ብለምን… ጭራቸውን ይወዘውዛሉ። በመጨረሻ ድምፄን አወፍሬ እንደ ደርባን «ሃ! ሃ!» አልኩ። ሄዱ።

ማረሻው ድንጋይ እየነካ ይዘላል። ትልሙ ተጣመመ። ቀና ስል እማማ ኪሙሊ ደጃቸው ቆመዋል። ስድቡን ጠበቅኩ… እሳቸው ግን በርጩማቸውን አወጡ፤ ፊታቸውን ወደ ቤታቸው ግድግዳ አዙረው ተቀመጡ።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ጮሁ። «ጨረስሽ?»

«አንድ እርከን ቀረኝ!»

«ቶሎ በያ! ግድግዳ ማየት ሰለቸኝ!»

ጁን 26

ዘነበ። ሌሊቱን ሙሉ።

«መጣ እኮ ዝናቡ፣ እማማ።»

«እኔ ስላላየሁ ነው» አሉ።

ጁን 29

እማማ ኪሙሊን ልጃቸው ወሰደቻቸው። በርጩማቸውን ለእኔ ተዉልኝ። እስከ መንገዱ ሸኘሁ። ጂፑ ሲታጠፍ ወደ ኋላ አላዩም… ወይም አንገታቸው አይዞር ይሆናል።

ጁላይ 9

ዳጉሳው በቀለ። እዚህ ሳሳ፣ እዚያ ጥቅጥቅ ያለ… የዘር አጣጣሌም እንደ ትልሜ ነው።

ፑሽካር ደወለ።

«ተዘራ?»

«በቅሏል።»

«ማን አረሰልሽ?»

«እኔ።»

ከኋላው የመኪና ጩኸት ይሰማል።

«እማዬ… ሰው ምን አለ?»

«የቱ ሰው?» አልኩት።