ለቅሶ የደረሰችን ልጅ ለክብር አትበቃም ላሉን ክቡር ዶክተር

ለክቡር ዶክተር ብርሃነ መስቀል፣
በኮሌጁ የአማካሪዎች የክብር ማኅበር ሊቀ መንበር፣ የተለማማጅ ካውንስለሮችም የበላይ ተቆጣጣሪ፤
ዳብሊን

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ባርት የሚሉት ባቡር እስከ ደጅዎ ከተዘረጋ ወዲህ ሰው ሳይጠራ ብቅ እያለ እንዳያስቸግርዎ እየሰጋሁ፣ ለእርስዎና ለባለቤትዎ ለወይዘሮ መንበረ ልባዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት በዐቢይ ጾም ነበር። ግማሹ ላይ ስደርስ ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ ጾም የሚያስገድፍ ሆኖ ስላገኘሁት፣ አጥፌ ከዳዊቴ ሥር አኖርኩት። እነሆ፣ በቸርነቱ ጾሙ ተፈቷል።

እኔ ተገኘ እባላለሁ፤ ከስምንተኛ ክፍል ያላለፍኩ፣ ሳን ሆዜ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ወለል የምወለውል፣ የሔርሜላ አባት ነኝ። ሔርሜላ ማለት ካውንስሊንግ ተምራ ልትጨርስ የተቃረበች፣ በውጤቷ ብልጫ ወደ ክብር ማኅበርዎ እንድትገባ በገዛ ፊርማዎ የተጋበዘች፣ በኋላም በዚያው ፊርማ የታገደች ልጅ ናት። ጥፋቷን ላልሰማ አንባቢ ልንገረው፤ ለቅሶ ደርሳለች።

ወይዘሮ ፋንታዬ በዲቪ ከመጡ ጀምሮ እንቅልፍ እምቢ ስላላቸው፣ ልጄ በምትለማመድበት ክሊኒክ የልባቸውን የሚያዋዩት ከእሷ ጋር ነበር። ይህን የነገረችኝ ልጄ አይደለችም፤ እሷን ብጠይቃት "ዳድ፣ ኮንፊደንሻል ነው" ብላ አፌን ታዘጋኛለች። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለወጣ ለገባው "የኔ ሐኪም የዓለምፀሐይ ልጅ ናት" እያሉ፣ በባለቤቴ ስም እየጠሩ የሚያወሩት ራሳቸው ናቸው፤ ስማቸውን እንዳነሣ ብጠይቃቸውም "ጻፈው፣ አድምቀህ ጻፈው" ብለውኛል። ገና ሰሞን አንድ ልጃቸው ባዩ ሚልፒታስ ካለው ሥራው ሲመለስ በመኪና አደጋ ሞተባቸው። ሔርሜላ ሄደች፤ ከፍራሹ ላይ አብራቸው ተቀመጠች፤ አለቀሰች፤ ተነሥታም ሰው እጅ አስታጠበች።

እርስዎ ይህን ባውንደሪ፣ ማለትም የሙያ ድንበር፣ መጣስ ብለውታል፤ ካውንስለር ክላየንቷ ቤት አትሄድምና። ይሁን እንጂ ቸር ሰው ነዎትና፣ መሄዷ ስሕተት እንደነበር ጽፋ ብትፈርም፣ በመጪው ቅዳሜ በሚደረገው የአባልነት ሥነ ሥርዓት ሻማዋን ልታበራ እንደምትችል አስታውቀዋል። ለዚህ ቸርነትዎ የሚከተለውን ምስጋና በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ልጄን ማን ከሰሳት ብዬ ብዙ ሰው በከንቱ ጠርጥሬ ነበር፤ ለካስ የዓይን ምስክሩም ከሳሹም ዳኛውም እርስዎ ራስዎ ነዎት። ዘመድ አገር ቤት እንዲያየው ለቅሶው በቪዲዮ የሚቀረጽበትን ቀን መርጠው መምጣትዎ ሳይዘነጋ፣ በእጅዎ ላይ ውሃ ያፈሰሰችልዎ እሷ ነበረች፤ ምስር ወጡን ያቀረበችልዎም እሷ ነበረች። "ተባረኪ፣ ጨምሪልኝ" አሏት፤ ጨመረችልዎ፤ በሉ፤ አፍዎን ጠርገው ሄደው ከሰሷት። እኛ ያልተማርነው እንዲህ ያለውን ሰው የበላበትን ወጭት ሰባሪ እንለዋለን። የተማሩት ሊቀ መንበር የሚሉት ከሆነ እርማቱን በደስታ እቀበላለሁ። ካሴቱ እኔ ዘንድ ስላለ፣ አበላልዎን ለማየት ሲያሰኝዎ አንድ ቅጂ እልክልዎታለሁ።

ሁለተኛ፦ ወይዘሮ ፋንታዬን ከልጄ ወስደው፣ አማርኛ ለማያውቅ አንድ ባለሙያ ስለ ሰጡልን እናመሰግናለን። አስተርጓሚው በስልክ ነው። እናትየዋ "ባዩ ልጄ" ብለው ማልቀስ ሲጀምሩ፣ ከስልኩ ውስጥ ያለው ሰው "እማማ፣ ቀስ ብለው ይናገሩ፣ አልተሰማኝም" ይላቸዋል። ቀስ ብለው ማልቀሱን ሞክረው አቃታቸው፤ አሁን መሄዱን ትተውታል፤ እንቅልፉም ተመልሶ ሸሽቷቸዋል። "ልጄ ሲሞት የመጣችው ናት ጥፋተኛ፣ ያልመጡት ናቸው ጨዋ?" ብለው ቢጠይቁኝ፣ እኔ ስላልተማርኩ መልሱን አላወቅሁትም። የአንዲት እናት እንቅልፍ ለማኅበርዎ ክብር የሚከፈል ዋጋ ከሆነ ግን፣ ከእርስዎ ኪስ አልወጣምና እንኳን ደስ ያለዎት።

ሦስተኛ፦ ባለቤቴ ዓለምፀሐይ ያረፈች ጊዜ፣ አብራችሁ ታስቀድሱ የነበረ ቢሆንም፣ እርስዎ ብቅ አላሉም። ቪዲዮ አልነበረንም። እኔ ደንቆሮው ይህ ሰው ፍቅር የለውም ብዬ ስቀየምዎ፣ ቂሜንም ለንስሐ አባቴ ስናገር ኖርኩ። ለካስ የሙያ ሥነ ምግባር ነው። ለዚያ ሁሉ ስግደት የዳረገኝን ቂሜን ይቅር ይበሉኝ።

አራተኛም ነበረኝ፤ ጽፌ ሰረዝኩት። ዳዊቴን ደግሜ ራሴን ስመረምር፣ የተቆጣሁት ለልጄ ይሁን፣ ወይስ ሰርተፊኬቷን ከእናቷ ፎቶግራፍ አጠገብ ልሰቅልበት የመታሁት ምስማር ባዶውን ስለቀረ፣ መለየት አቃተኝ። ዓለምፀሐይን ስቀብር የለበስኩትን ሱፍ ልብሴን ለዚያ ቅዳሜ ብዬ ላውንደሪ ሰጥቼው ነበር። ሁለቱም ይሆናል፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ብቻ ሔርሜላን "ምን ብለሽ ልትጽፊላቸው ነው?" ብዬ ስጠይቃት፣ ከሳህን አጠባዋ ቀና ሳትል "ኖ፣ ዳድ። ጀስት ኖ" አለችኝ። በዚህ አገር ከሰማሁት እንግሊዝኛ ሁሉ እንደዚህ ያማረ አላጋጠመኝም። ስለዚህ፣ ቅዳሜ የእሷን ሻማ ለሌላ ይስጡልን፤ ወይም እርስዎ ሁለቱንም ይያዙ፤ ምናልባት ፊትዎ ደህና ይታይ ይሆናል።

ክብርዎ በሰው እንባ እንዳይረጥብ ዘወትር የምጨነቅልዎ፣ በመከራዬም ቀን ከምክርዎ እንዲሰውረኝ አምላኬን የምለምን፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ተገኘ፣ የሔርሜላ አባት
ሳን ሆዜ፣ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ 1990 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ የእድራችን አባል መሆንዎን አልዘነጋንም። ትናንት በተደረገው ስብሰባ፣ ሥርዓትዎን ለማክበር ስል አንድ ሐሳብ አቀረብኩ፤ እግዚአብሔር ያርቀውና በክቡር ዶክተር ቤት ሐዘን የገባ እንደሆነ፣ የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ ባውንደሪ ጥሶ እንዳይሄድባቸው፤ እሳቸው ራሳቸው ደውለው አፖይንትመንት እንዲይዙና እንደ ክሊኒኩ ደንብ ሃምሳ ደቂቃ ከአስተርጓሚ ጋር እንዲሰጣቸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ እጅ ሁሉ ተነሣ። ወይዘሮ ፋንታዬ ብቻ ነጠላቸውን አስተካክለው ብድግ አሉና "እኔስ እሄዳለሁ። እሱ ሰው አይደለም እንዴ?" አሉ። ሳቁ ቆመ፤ እጆቹም አንድ በአንድ ወረዱ። የእኔ፣ ክቡር ዶክተር፣ እስካሁን እንደተነሣ ነው።