ከአምስቱ አንዷን

ቂርያት ጋት
ኅዳር 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለአበልጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ብዙወርቅስ፣ ያ ጉልበቷ ተሻላት ወይስ አሁንም ዳገት ሲሆን ያስቸግራታል? የክርስትና ልጄ ቢሻውስ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን በሕይወት አለን። አስናቁ ከፋብሪካው ጽዳት ጡረታ ልትወጣ ጥቂት ወር ቀርቷታል። ልጃችን ሲቫን ካርሜ ጋት በሚሉት አዲስ ሰፈር ቤት ገዝታ ከባሏ ጋር ገባች፤ ከአሥራ ሁለተኛው ፎቅ ሆና የኛን አሮጌ ብሎክ ጣሪያ አያለሁ ትላለች። ደኅና ነን።

ከሰላምታው በላይ የምነግርህ ነገር አለኝ። ረጅም ነው። ከሰው ተለይተህ፣ ቁጭ ብለህ አንብበው።

እዚህ አገር ሽማግሌ ማጠብና ማብላት ደመወዝ ያለው ሥራ ነው። እኔም ወገቤን ታምሜ ከኢንዱስትሪ ቀጠናው ከወጣሁ ወዲህ እንጀራዬ ይኸው ሆኗል። ከሁለት ዓመት በፊት ሺሞን የሚባል ሰው ደረሰኝ። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሚስቱ ሞታበት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖራል። ዕድሜውን በሙሉ ኤሌክትሮኒክስ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። እጆቹን ግን የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ይዞት ማንኪያ እንኳ ከአፉ አያደርስም ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ከበረንዳው አጠገብ ያለችውን ክፍል ክፈት አለኝ። ስከፍት አምስት ኦርጋኖች በጨርቅ ተሸፍነው ቆመዋል። ኦርጋን የምለው እኛ ያኔ እንደዚያ ስለምንላቸው ነው፤ ሺሞን ሲንተሳይዘር ነው የሚላቸው። ሁሉም የድሮ፣ ኮምፒውተር ያልገባባቸው፣ ድምፁን ከኤሌክትሪኩ ከራሱ የሚያወጡ። ትጫወታለህ? አለኝ። ጥቂት፣ ድሮ፣ አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካጠብኩትና ቁርሱን ካበላሁት በኋላ አንድ ሰዓት እጫወትለት ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። ስሳሳት፣ ያኛውን ማዞሪያ ጥቂት ወደ ግራ፣ ይለኛል።

አንድ ቀን እንዲህ አለኝ። እኔ ስሞት ልጄ ሊራዝ ከቴል አቪቭ ነጋዴ ጠርታ ሁሉንም በአንድ መኪና ትጭናቸዋለች፤ አንዷ ግን የሚጫወትባት ሰው ዘንድ ትቅር። አንዷን ምረጥ። ሁለት አልሰጥህም። ዛሬም አትምረጥ፤ ከእያንዳንዷ ጋር ወር ወር ተቀመጥ።

በእውነት ተቀመጥኩ። ትልቋ አሜሪካ ሠራሽ ነች፤ ወፍራሙን ድምፅ ስነካው ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። ጣሊያን ሠራሿ እንደ ብዙ ቫዮሊን ሆና ታለቅሳለች፤ አንድ ቀን እሷን ስጫወት ሺሞን ሚስቱን አስታውሶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አንዷ እንደ ድሮ የስልክ ማዞሪያ ቤት ገመድ ከዚህ እዚያ የሚሰካባት ነች፤ እሷ እስከ መጨረሻው አልገባችኝም። አራተኛዋ ስምንት ድምፅ በአንድ ጊዜ ታወጣለች። ልቦና ያለው ሰው ይህችን ነበር የሚመርጥ፤ በሷ ብቻውን ሠርግ ያጫውታል። አምስተኛዋ ግን ትንሽ ነች። ጃፓን ሠራሽ፣ አንድ ማዞሪያዋ የወለቀ፣ አንድ ድምፅ እንጂ ሁለት በአንዴ የማታወጣ። ከተበራች በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል ካልሞቀች ቅኝቷ አይረጋም።

አወቅሃት አይደል? የኛዋ እኅት ነች። ያቺ ከአስመራ መጥታ የቀበሌያችን ኪነት እጅ የገባችው። በብርድ ቅኝቷ ሲጠፋ ጋቢህን አልብሰሃት ታሞቃት የነበረችው።

የሌሎቹን ወር እየጨረስኩ ሁልጊዜ እሷ ዘንድ እመለስ ነበር። ሺሞን ገረመው። ከሁሉም የምታንሰው ይህች ናት፣ ምን አገኘህባት? አለኝ። ጎንደር ላይ አንዲት እንደሷ ነበረች አልኩት። እንግዲያው አውራኝ አለ።

አወራሁት። ስለ አንተ ነው ያወራሁት። ቀኝ እጅህ ዜማውን ሲይዝ ግራ እጅህ ማዞሪያው ላይ ሆና ድምፁን እንደ መሲንቆ ስታስለቅሰው፤ ባቲ ስትጫወት መድረክ ላይ ያሉት ካድሬዎች ሳይቀሩ አንገታቸውን ሲያወዛውዙ። እኔ ከጎንህ አኮርዲዮን ይዤ መቆሜን። ሺሞን አንተን ወደደህ። ጠዋት በሩን ስከፍት ከሰላምታ በፊት፣ ያ ጓደኛህ ዛሬ ምን ይጫወትልናል? ይለኝ ነበር። ደስ አለኝ አበልጄ። ስለ አንተ ማውራት ደስ አለኝ፤ መጨረሻው ወዴት እንደሚሄድ እየረሳሁት።

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ነው። መታጠቢያ ቤት ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጬው ጀርባውን በሳሙና እያሸሁት ሳለ፣ እስቲ ደውልለትና በስልክ ይጫወትልኝ አለኝ። አይጫወትም አልኩት። ለምን? ግራ እጁ ተሰብሮ ጣቶቹ አይታጠፉም። ምን አግኝቶት? አለኝ። ታስሮ ነበር፣ ምርመራ ላይ ነው፣ አልኩት። ለምን ታሰረ? አንድ ወረቀት ለቀበሌው ደርሶ ነበር፤ ፀረ አብዮት ነው የሚል። ሰባት ዓመት። ሺሞን ቀጥሎ፣ መሣሪያዋስ? ከእሱ በኋላ ማን ተጫወተባት? አለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ለኔ እንደተሰጠች አንተም ታውቃለህ። ለምን አትሰጠኝ፣ ከኔ ሌላ የሚችል አልነበረም። ይህን ብዬ ዝም ማለት እችል ነበር። ጀርባው ወደ እኔ ነበር፣ ፊቱን አላየውም፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል። ሠላሳ ሰባት ዓመት ለማንም ያላልኩትን፣ ለአስናቁ እንኳ ያላልኩትን፣ በተሰባበረ ዕብራይስጥ ራቁቱን ለተቀመጠ ሽማግሌ ነገርኩት።

ሳሙናው ጀርባው ላይ ደረቀ። ከዚያ አለቅልቀኝና ውጣ አለኝ። አለቀለቅሁት። ግን እንዴት ልውጣ? ብቻውን ከወንበሩ መነሳት አይችልም። አደረቅሁት፣ ሸሚዙን አለበስኩት፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፍኩለት። እንዳልነካው ይፈልግ ነበር፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ ሊገፋኝ ሞከረና አቃተው። ደግፌ አልጋው ላይ አስቀመጥኩትና በደረጃው ወረድኩ።

በማግስቱ ሌላ ሰው ላኩልኝ ብሎ ለመሥሪያ ቤቱ ይደውላል ብዬ ነበር። አልደወለም። ሁለት ቀን የጠየቀኝ ውኃና መድኃኒት ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ጓደኛህ በሕይወት አለ? አለኝ። አለ፣ አልኩት። ያውቃል? አያውቅም። ታዲያ እኔ ቤት ምን ታወራለህ? አለኝ። ቀጠለናም፣ ትንሿ ያንተ ናት፣ ቃሌን አላጥፍም፤ ነገር ግን አስቀድመህ ጻፍለት አለኝ። እደውልለታለሁ ስለው ተቆጣ። በስልክ ታለቅሳለህ፤ እሱም ያዝንልሃል፤ መጨረሻው አንተን ማጽናናት ይሆናል። ጻፍ። ብቻውን ሆኖ ያንብበው አለኝ።

በየሳምንቱ እሑድ፣ ጻፍክ? ይለኛል። እየጻፍኩ ነው እላለሁ። ፋሲካ አለፈ። እየጻፍኩ ነው። አንድ መስመር አልጻፍኩም ነበር። ግንቦት ላይ ያ የበረሃ ሙቀት መጣና ሺሞን ሳንባው ታሞ ሆስፒታል ገባ። ሄድኩ። አፉ ላይ ኦክስጅን አድርገውበታል። ጎንበስ ስልለት ጭምብሉን በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጁ ገለጥ አድርጎ፣ ጻፍክ? አለኝ።

ጻፍኩ፣ ልኬዋለሁ፣ አልኩት።

ዓይኑን ጨፈነ። እጄን ያዝ አደረጋት፤ ጨበጠኝ ወይስ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

የሐዘኑ ሰባት ቀን ሲያልቅ ሊራዝ ጠራችኝ። አባቴ ትንሿ ለአንተ ናት ብሏል፣ ነጋዴው ነገ ስለሚመጣ ዛሬ ውሰዳት አለችኝ። በሺሞን ብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ አስቀምጬ በአውቶቡስ አመጣኋት። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ምንድን ነው? አለችኝ። ለእኔ የማይገባ ነገር ነው ማለት አማረኝ፤ ሙዚቃ ነው አልኳት።

ይኸው ስድስት ወሯ ነው። ሳሎን መስኮቱ ሥር ነች። አስናቁ ከሥራ ስትገባ አቧራዋን ትጠርግላታለች፤ ለሺሞን ደግ ስለነበርኩ የተሰጠችኝ ይመስላታል። ማብራቱን አበራታለሁ፤ ትሞቃለች፤ ቀኝ እጄ ዜማውን ያገኘዋል። ግራ እጄ ግን የአንተን ድምፅ አላገኘውም። ማዞሪያውን ከዳር እስከ ዳር ሞክሬአለሁ። ያኔም ሁለት ዓመት በየመድረኩ ስጫወትባት አላገኘሁትም ነበር፤ ጭብጨባው ግን አልጎደለብኝም። ለአንተ ልልካት አስቤ ነበር። አስናቁ ሳትሰማኝ ካርቶን ሁሉ ፈልጌላታለሁ። ኋላ፣ ያችን እጅህን ይዘህ ፊቷ ስትቀመጥ ታየኝና ካርቶኑን ጣልኩት። እኔው ዘንድ ትቀመጣለች። ሁለት ጊዜ የመረጥኳት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሰኞ ደወልክልኝ። ቢሻው በጥር ያገባል፣ የክርስትና አባቱ ከሌለ ሠርግ አይባልም፣ ሃይማኖትህ ዛሬ ሌላ ቢሆንም ወንበርህ ከኔ ቀጥሎ ነው፣ ትኬትህን ቁረጥ አልከኝ። ደስ ብሎህ ድምፅህ እንደ ልጅ ሆኖ ነበር። እሺ አልኩህ። ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ገብቼ ቆምኩ። አስናቁ ምን ሆንክ ስትለኝ፣ ቢሻው ሊያገባ ነው ብያት፣ እሷ እልል አለች።

ከዚህ በላይ ማዘግየት አልቻልኩም። ጥሩነህ የሚባል ጎረቤቴ ዘመድ ሊጠይቅ ጎንደር ይሄዳል፤ ይህን የሚያደርስልህ እሱ ነው። ኮምፒውተር ላይ አማርኛ መጻፍ ይችላል፤ አንተ ንገረኝ እኔ ልጻፍልህ ብሎኝ ነበር። እንቢ አልኩት። በእጄ መሆን ነበረበት።

በሰባ ሰባት የተፈታህ ጊዜ የነገርከኝን ታስታውሳለህ። መርማሪው ወረቀቱን ፊትህ ዘርግቶ፣ ይህ የማን ጽሕፈት ነው፣ ማን ይጠላሃል ሲልህ፣ የሚጠላኝ ሰው የለም ብለሃል። ቤትህ የምንለማመድበትን ቀን ወረቀቱ የስብሰባ ቀን ይለዋል፤ ሐሙስ፣ ሐሙስ፣ ሐሙስ፣ ሦስት ቦታ። የሐመሩን ሐ መሃለኛ እግር እንደ መንጠቆ ወደ ግራ አጥፎ የሚጽፍ ሰው ነው፣ ብሞት ያችን ፊደል አልረሳትም አልከኝ። እኔም አዳመጥኩህ፤ ያን ሰው አብሬህ ረገምኩት። ከዚያ ወዲህ አንተ ባለህበት ብዕር ይዤ አይተኸኝ ታውቃለህ? ቢሻው ክርስትና ሲነሳ ቄሱ ፈርም ሲሉኝ ጣቴን በጨርቅ ጠቅልዬ ነበር የመጣሁት። ቢላዋ ቆረጠኝ አልኩህ። አንተ በቀኝ እጅህ ስሜን ጻፍክልኝ።

እንግዲህ ይህ ጽሕፈት የእኔ ነው። ደጋግመህ እየው።

በረሃብ አይደለም። ፈርቼም አይደለም፤ ማንም አላስገደደኝም። ብዙ ዓመት ለራሴ ሌላ ምክንያት ስፈልግ ኖሬአለሁ። አንተ ስትጫወት አኮርዲዮኔ አይሰማም ነበር። ይኸው ነው።

ይቅር በለኝ ብዬ አልጽፍም፤ መልስም አልጠብቅም። ሠርጉ ላይ ወንበር አታስቀምጥልኝ። ቢሻው ለምን ቀረ ካለህ የምትነግረውን አንተ ታውቃለህ፤ እውነቱን ብትነግረው አልከፋም። ጥሩነህ ስለዚህ ሁሉ አንዳች አያውቅም፤ መንገደኛ ነውና እባክህ ምሳ አብልተህ ሸኘው።

ብዙወርቅን ጉልበቷን ይማርላት። ሙሽሮቹን ወልደው ከብደው ለማየት ያብቃህ። ለአንተ ለራስህ ከኔ አፍ የሚወጣ ምርቃት አይገባም፤ ስለዚህ እናቴ ደጃችንን በረገጥክ ቁጥር ትልህ በነበረው ልሰናበትህ። ክፉ አይንካህ።

አበልጅህ ስትለኝ የኖርከው