ይስማው እያነበበ ይስማው

ይድረስ ወገዳ ላለሽው ለታላቋ እህቴ፣

እታለሜ፣ ክረምቱ እንዴት ያዘሽ? ቃልኪዳን አደገች? ላሟስ ወለደች? እኔ ከቀኝ እጄ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቢኖር ኖሮ ደህና ነበር።

ይህን የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ፣ በግራዬ። የኤስቴ መካነ ኢየሱስ ከተማ የማታ ትምህርት እንደ እኔ ያለ ተማሪ አላየም፤ ባለ ሁለት እጆቹን ሁሉ ጥዬ አንደኛ ወጥቻለሁ። አብረውኝ የሚማሩት ሽማግሎች ገና ከበር ሲያዩኝ ግራኝ መጣ፣ መጻሕፍቱን ደብቁ ይባባላሉ።

አንቺ ፊደል አልለየሽም፤ ልጅሽ ቃልኪዳንም ገና ሀሁ ላይ ናት። ስለዚህ ይህን የሚያነብልሽ ባልሽ ነው። ስሙ ይስማው አይደል? ይስማው እንግዲህ። መሐል ላይ ድምፁ ከጠፋ ዓይኑ ደክሞ አይደለም፤ ከፍ አድርገህ ድገመው በይው።

ያን ቀን ከኤስቴ የመጣሁት ለጠብ አልነበረም። ይስማው ጥርስሽን አወለቀው ሲሉኝ ልወስድሽ ነው የመጣሁት። አውድማው ላይ ገብስ ትወቁ ነበር። አንጓሽን ያዝኩና ተነሺ እንሂድ አልኩሽ። እሱ ፋሱን አንስቶ ከጎኔ መጣ። መጀመሪያ ሲመታኝ አጥንቴ እንደ እርጥብ ወይራ እምቢ አለው፤ ሲደግመኝ ለቀቀ። ደሜ ገብሱ ላይ ሲረጭ በሬዎቹ ሸትቷቸው ደነበሩና አውድማውን ጥሰው ወጡ። እኔ ወደቅኩ፤ እጄ ግን አንቺን እንደጨበጠ ቀረ። ጣቶቹን አንድ በአንድ የፈለቀቅሽው አንቺ ነሽ።

ሽማግሎች አስታረቁን። እኔ ደም ላልመልስ፣ እሱ አንቺን ላይነካ፣ ታቦት ይዘን ማልን። እኔ ጠብቄያለሁ። ሰሞኑን ግን ከወገዳ ገበያ የተመለሰ ሰው፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፣ ስጠይቃት በር መታኝ አለች ብሎ ነገረኝ። የዚያ ቤት በር አመለኛ ነው እታለሜ። ንገሪልኝ፤ ወንድሜ በግራ እጁ የተማረው ፊደል ብቻ አይደለም በይልኝ።

አሁን ወደ ሕመሜ ልምጣ። የሚያመኝ የሌለው እጄ ነው። ሰው ይስቃል፤ እኔም በሌላው ቢሆን እስቅ ነበር። ጣቶቼ እንደተጨበጡ ናቸው፤ ጥፍሬ መዳፌን ይበሳዋል፤ መዳፌ ግን ከተቀበረ ቆየ። ሲብስብኝ የቀረውን የክንዴን ጉማጅ ከግድግዳ ጋር አላትመዋለሁ። ባለፈው ግድግዳው ደም በደም ሆኖ አደረና ጎረቤት በግ አረድክ እንዴ አለኝ።

በዚህ ምክንያት ደብረ ታቦር ሄድኩ። እዚያ ምሥራቅ የምትባል ሐኪም አለች፤ ፊዚዮቴራፒ ይሏታል፣ እንደ ወጌሻ ናት፣ ግን አትጎትትም። የእጅ ስልክ የምታህል ሳጥን አወጣች። ከሳጥኗ የሚወጣው ሽቦ ጫፉ እንደ ፕላስተር ቆዳ ላይ ይለጠፋል፤ መርፌ የለው፣ ቢላ የለው። በጥቂት ኮረንቲ ነርቭህን እየነካካ ሕመሙን ያዘናጋልሃል አለችኝ። ኮረንቲ ስትል ነፋስ የጣለውን ሽቦ ረግጦ በቁሙ የደረቀው የጎረቤቴ በሬ ታየኝ። እኔ ፋስ የቀመስኩ ሰው ነኝ፣ ኮረንቲ ምኔ ነው አልኳት፤ ላቤ ግን ጫማዬ ውስጥ ገብቷል። ሳቀችብኝ። ይህ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ነው፣ በሬ አይገድልም፤ ፈውስም አይደለም፤ አንዳንዱን ያስታግሰዋል፣ አንዳንዱን ምንም አይለውም፤ እንሞክረው አለች።

ለጠፈችልኝ። መጀመሪያ ጉንዳን የወረረኝ መሰለኝ፣ ቀጥሎ ካፊያ። ከዚያ እታለሜ፣ ጣቶቼ ተከፈቱ። ሽቦውን በጥርሴ ነቀልኩት። አመመህ እንዴ ብትለኝ አላመመኝም አልኳት። አንቺን የለቀቅኩሽ መስሎኝ ነው።

ሳጥኑን ቤትህ ወስደህ ተጠቀምበት ብላኛለች፤ እኔ ግን ልውሰድ አልውሰድ እያልኩ ነው። አንዱ ልጣፍ ከትከሻዬ ጀርባ ነው፣ በአንድ እጅ አይደረስም። የምትለጥፍልህን የቤተሰብ ሰው ይዘህ ና፣ ላሳያት አለችኝ። ሚስት የለኝም፤ ግማሽ እቅፍ የሚበቃት ሴት ገና አልተወለደችም። ያለሽኝ አንቺ ነሽ።

ይስማው፣ ይህችን ረጋ ብለህ አንብብ። አንድ እጅ ወስደህብኛል፤ ሁለት አውሰኝ። እሷን ከላክህልኝ ደሙ ደረቀ፣ መሐላዬም ጸና። ከከለከልክ ሳጥኑን አልወስድም። እጄ እንደተጨበጠ ይቆያል፤ የተጨበጠ እጅ ደግሞ መምታት እንጂ ሌላ አያውቅም። ያን አመለኛ በርህንም አላንኳኳውም፤ ገንጥዬው እገባለሁ።

እታለሜ፣ ወንዙ ሲጎድል ከገበያተኛ ጋር ተሳፍረሽ ነይ። ደብረ ታቦር መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ፤ አንድ እጅ ያለውን መልከ መልካም ፈልጊ። ብርድ ነውና ጋቢሽን ያዢ። ቃልኪዳንንም ይዘሻት ነይ፣ አጎቷን ትይ። የትምህርት ቤት ካርዷን አትርሺ፤ ከኔ ካርድ ጋር አስተያይተን ማን ጎበዝ እንደሆነ ይለያል። የእናታችንን የአንገት መስቀልም ያዢ፤ ኮረንቲው ሲበራ በጥርሴ እነክሰዋለሁ። ድስትሽን ግን ተይው፣ እኔ ጋ ለሦስታችን የሚበቃ ድስት አለ።

የቤተ ልሔሟ ማርያም በመንገድሽ ትቅደም። ላነበበልሽም ልብ ትስጠው።

እጅሽን ያልለቀቀው
ታናሽ ወንድምሽ