ፊንታን ሊመጣልኝ ነው

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 22

ሊመጣልኝ ነው! ፊንታን ጡረታ ወጣ! አሠልጣኙ ጠዋት ደወለ። ዶሮ እያበላሁ ነበር፣ ጥሬውን እንዳለ ደፋሁት። በመጀመሪያ ውድድሩ ሁለተኛው አጥር ላይ ተዘርሮ የሳቁበት ፈረስ፣ ስምንት ዓመት አጥርና ቦይ ሲዘል ኖሮ፣ የአየርላንድን ዋንጫ ሁሉ ለቅሞ... በቃው። ወደ ሜዳው፣ ወደ ቲፔራሪ፣ ወደ እኔ።

እናቱ ስትወልደው ሞታበት፣ በየሁለት ሰዓቱ በጡጦ ያሳደግኩት ማን ሆነና? ጋዜጣው ግን «የፊንታን እናት» ብሎ ያወጣው ሶርካን! የአሠልጣኙ ጋጣ ሠራተኛ ናት፤ ታበጥረዋለች፣ ታበላዋለች፣ እሺ። እናት? ፎቶዋን በመቀስ ቆርጬ አወጣኋት። አንድ ጣቷ ጆሮው ላይ ቀረ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 24

ሶርካ ደወለች። «ሚስስ ሄጋርቲ፣ ሜዳ እንዴት እንደሚለማመድ ልንገርዎት ብዬ...»

«የኔ እመቤት፣ አንቺ ሳትወለጂ ፈረስ አርብቻለሁ!»

ዘጋሁባት። ደስ አለኝ። ትንሽ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 26

መጣ! ከጀርባው ላይ የብርድ ልብሱን ገፍፌ ለምለሙ ሣር ላይ ለቀቅኩት። ባሌ ኮርማክ ሮጦ መጣ፦

«አንቺ ሴት፣ ቀስ! አጃ የለመደ ሆድ ነው። ሣሩ በቀን አንድ ሰዓት፣ ልብሱም ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።»

«ማን ነገረህ?»

ስልኩን ኪሱ ከተተ። ለእሱም ደውላለች ማለት ነው! ይኸው፣ ፈረሱ አልበቃት ብሎ...

እሁድ፣ ኤፕሪል 27

ሆዱን ቆረጠው። ገና ጎህ ሳይቀድ መሬት ላይ ሲንከባለል አገኘሁት። በእኔ ጥጋብ። ሐኪሙ መርፌ ወጋውና «እንዳይተኛ፣ አራምዱት፤ ካልተንቀሳቀሰ እናጣዋለን» አለ። ፊት ለፊቱ ቆሜ ለመንኩት፣ ጎተትኩት። አንዲት እርምጃ እንኳ!

ደወልኩ። «ሶርካ... ነይ» ብቻ ነው ያልኩት።

በአርባ ደቂቃ ደረሰች፣ በሌሊት ልብሷ ላይ ካፖርት ደርባ። ትከሻው ጋ ቆማ «እንሂድ፣ ሽማግሌው» ስትለው ተራመደ። ቀናሁ? አዎ። እያለቀስኩ ቀናሁ።

«ፊቱ ቆመው አይጥሩት፣ ሚስስ ሄጋርቲ። እዚህ፣ ጎኑ ይሁኑ። አብረውት ይሂዱ።»

ሄድኩ። ከእኔም ጋር ተራመደ! ከሰዓት በኋላ ሆዱ ተከፍቶለት ፋንዲያ ሲጥል ተቃቅፈን ጮኽን። በፋንዲያ እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤም አላውቅ።

ዓርብ፣ ሜይ 9

ድኗል። ሣር በቀን ሦስት ሰዓት ደርሷል። ሶርካ በየዓርቡ ትመጣለች። ገና መኪናዋን ሲሰማ ያሽካካል... ለእኔ አያሽካካም። ያማል፣ አልዋሽም። ግን ዛሬ ብትዘገይ እኔው ነኝ መንገድ መንገዱን ሳይ የነበርኩት።

«መንደሩ ለሚያደርግለት የአቀባበል ሰልፍ ማን ይመራዋል?» አለ ኮርማክ።

«እሷ በግራ፣ እኔ በቀኝ።»

ሶርካ ሳቀች፤ «እንዳንጣላበት ነው?»

«እንጣላ ይሆናል» አልኳት።

እንግዲህ ሜይ 18፣ እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ መንደሩን እናዞረዋለን። ከዚያ እኛ ጓሮ መብል ነው፣ መጠጥ ነው። ቄሱም፣ ሲወድቅ የሳቁትም ሳይቀሩ፣ ሁሉም ይምጣ!