ያልቆረስሽው ትምህርት

እማዬ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላ ነው። ጊዜ ቁጣን ያበርዳል ይላል ሰው፤ የእኔን ግን አላበረደውም። በሰላም ዕረፊ ብዬ አልጀምርም። በጭቅጭቅ መሃል ጥለሽኝ ሄደሽ ዐርፈሽ ከሆነ፣ እውነቴን ነው፣ ደስ አይለኝም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። እዚህ ዓረብ አገር፣ ዶራ ሰፈር ያለችው ክፍላችን እንዳለች ናት። ባለቤቱ ደረጃውን ቀለም አስቀብቶ ሲኮራበት ይውላል፤ ጣሪያው ግን ዛሬም ያፈሳል። አልጋሽን ለሰው ሰጥቼ በቦታው ጠረጴዛ አስገብቻለሁ። ሥራዬም ያው ነው፤ ማር ሚካኤል ሰፈር መጠጥ ቤት፣ ሌሎች ሲጠጡ ያመሹበትን ብርጭቆ አጥባለሁ። ከሌን ዓመት ሳይሞላ አወለቅሁ፤ ለዚህም ጓደኛሽ እትዬ ፀሐይ ተቀይማኛለች። የምትቀየምበት ነገር አጥታ አታውቅም።

የእሑዱን ትምህርት አሁን የያዘችው እሷ ናት። ከልብስ ሰፊው በላይ ያለችውን ክፍል፣ የመኖሪያ ወረቀት ስለሌላቸው ትምህርት ቤት ያልገቡትን የእኛን ሰዎች ልጆች ትሰበስቢባት የነበረችውን። ልጁ የሚመጣው እናቱ ስትወጣ ነው፤ እናቱ የምትወጣው አሠሪዋ ማዳም ስትፈቅድ ነው። ኮምቦልቻ ታስተምሪበት የነበረው የሒሳብ መጽሐፍ ደግሞ በምዕራፍ የተከፋፈለ ነበር። ጥቂት እሑድ የቀረ ልጅ አንድ ምዕራፍ አለፈው፣ ተመልሶም አያገኘውም። ስለዚህ መጽሐፉን ቆራረስሽው። በአንድ እሑድ አንድ አዲስ ነገር ብቻ፣ ጉርሻ የምታህል፤ ከሥሯ የሚመጣው መልመጃ ግን እስከዚያ ከተማሩት ሁሉ የተቀላቀለ። ቀርቶ የነበረ ልጅ ሲመለስ፣ ያመለጠው ነገር መልመጃው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

መሞከሪያሽ እኔ ነበርኩ። ሐምራ ሰፈር የሰው ወለል ስትወለውዪ ውለሽ ትመጪና፣ ጫማሽን እንኳ ሳታወልቂ አዲሱን ጥያቄ ትሰጪኛለሽ። ስሳሳት አትቆጪም። ልጅ ከተደናቀፈ ጥፋቱ የደረጃው ነው ትዪና ትምህርቷን ለሁለት ትቆርሻታለሽ። ይሰለቸኝ ነበር፤ ግን ልክ ነበርሽ። እዚህ ላይ አልከራከርሽም።

ታዲያ ለክፍልፋይ ማካፈል ላይ ስትደርሺ ምን ነካሽ? ሁለተኛውን ገልብጦ ማባዛት ነው አልሽ፤ በቃ። ለምን እንደሚገለበጥ የለም። ይኼ ጉርሻ ሳይሆን ሙሉ ዳቦ ነው፣ ቁረሺው አልኩሽ። ስንቱን ተማሪ ያሳለፍኩበት ነው ብለሽ አፍንጫሽን ነፋሽ። እንደተኳረፍን ታመምሽ፤ ሆስፒታል ገባሽ፤ በዚያው ቀረሽ። ሰው እንዴት ሙግቱን ሳይጨርስ ይሞታል? ይቅርታ አልጠይቅሽም።

እትዬ ፀሐይ ደግሞ ከሞትሽ ወዲህ ትምህርትሽን ታቦት አደረገችው። አንቺ በየሳምንቱ ስትሰርዢ ስትደልዢ የኖርሽውን፣ እሷ አንዲት ነቁጥ አትነካም። ልጆቹ ተራ በተራ ያቺ ትምህርት ላይ ሲደርሱ ይወድቃሉ፤ እሷ ጸልዩ ትላቸዋለች። ቤዛን ታስታውሻታለሽ፣ ቁጥር ያስቆጠርሻት። እናቷ ስንት ደጅ ጠንታ መደበኛ ትምህርት ቤት ቦታ አገኘችላት፤ የመግቢያ ፈተናውን ካለፈች ትገባለች። ልጅቷ ግን እሑድ ከእሑድ እዚያችው ላይ ስትደናቀፍ ከርማ፣ እኔ ደደብ ነኝ ብላ መምጣት ተወች።

ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ሄጄ ይህ ትምህርት ይቆረስ አልኩ። እትዬ ፀሐይ በልጆቹ ፊት ተነሳችብኝ። «ያኒ ከእናትሽ ልትበልጪ ነው? ሟች የሠራው አይፈርስም፣ ኸላስ፣ በቃ!»

«እናቴ አስተማሪ እንጂ ጻድቅ አልነበረችም» አልኳት። ልጆቻቸውን ያመጡት ሴቶች አማተቡ። «ያላ፣ ውጪልኝ» ብላ አስወጣችኝ። ወጣሁ፤ ወጥቼም ቤዛን ቤታችን አመጣኋት።

ጠረጴዛው ላይ ኹብዝ፣ ያንን ክብ የዓረብ ቂጣ፣ ደረደርኩላት። በመጀመሪያው እሑድ ግማሽ ብቻ፤ ለአንድ ሰው ግማሽ ግማሽ ቢደርስ ስንት ሰው ይበላል? በሚቀጥለው ሩብ ብቻ። ከዚያ በኋላ ስድስት ኹብዝ ሰጥቼ፣ ለአንድ ሰው ሦስት ሩብ ይድረሰው አልኳት። እያንዳንዱን አራት ቦታ ቀደደች። ሃያ አራት ቁራሽ ወጣላት፤ ሦስት ሦስት አድርጋ ስትደረድር ስምንት ሰው ሆነላት። ቁራሾቹን እንደገና ቆጠረችና፣ «በአራት አባዛሁት፣ ለሦስት አካፈልኩት... ተገለበጠ እኮ!» ብላ ጮኸች። ለምን እንደሚገለበጥ ማንም አልነገራትም እማዬ። ራሷ አገኘችው።

ፈተናውን አለፈች። እትዬ ፀሐይ በነፍስሽ ጸሎት ነው እያለች ታወራለች፤ ታውራ። ያንቺን አንድ ትምህርት ሦስት አድርጌ በእኔው ደብተር በቦታው አስገብቼዋለሁ፤ መልመጃውንም እንዳንቺው ካለፈው ሁሉ ቀላቅዬዋለሁ። አልቀበልም ካለች ልጆቹ ወደ እኔ ይመጣሉ። መጥታ ትከልክለኝ።

ሌሎቹ በሙት ዓመትሽ ደግነትሽን ብቻ ሲያወሩ ዋሉ፤ ስሰማ ሌላ ሴት የሞተች መሰለኝ። እኔ እንደዚያ አላስታውስሽም። ግትርነትሽን፣ ኩርፊያሽን፣ ያቺን የተሳሳትሽባትን ትምህርት ሳልቀንስ ዕድሜ ልኬን አስታውስሻለሁ፤ ካንቺ ምንም የሚጣል የለኝም። ቤዛ ፈተናውን ያለፈች ዕለት እናቷ እጄን ይዛ ልክ ነበርሽ አለችኝ። አመሰገንኳት፤ ግን አልሞላልኝም። ያንን ቃል የፈለግሁት ካንቺ አፍ ብቻ ነበር፤ አንቺ ደግሞ ይዘሽው ሄድሽ።

ልጅሽ