የአቴናው ዘቢብ

መካነ ሰላም
ጥር ፳፭ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ለሆዴ ልጅ ለደብረወርቅ፤
አቴና፤

ዓይኔ፣ እንደምን ከርመሻል? ሙሽርነቱስ እንዴት ይዞሻል? በመሠረተ ትምህርት በቆጠርኳት ፊደል፣ ማንንም ሳልለምን በራሴ እጅ ነው የምጽፍልሽ። ቢንጋደድም አትሳቂብኝ።

የላክሽው ዘቢብ ደርሷል። «በሠርጌ ቀን ያንን የማዳም ካሊዮፒን ጥቅልል ሥሪ፤ እኛም እዚህ እንሠራለን፤ ባንገናኝም አንድ ነገር እንቅመስ» ያልሽውን ሳነብ ማዳም ቤት ያገለገልኩበት ደሴ ከነወጥ ቤቱ መጣብኝ። ማዳም ሊጡን እየዘረጋች ታሳሳዋለች፤ እጇን ከሥሩ አስገብታ ቀለበቷ ካልታያት «ገና ነው አመለ» ትለኛለች። እኔ ጨው የበዛበትን የፍየል አይብ ከዘቢብና ከደረቀ በለስ ጋር አሽቼ እሞላለሁ። አንቺ ጠረጴዛው ሥር ሆነሽ የሚወድቀውን ዘቢብ ትለቅሚያለሽ። እንግዶቿ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ነበር ትሪውን የሚያራቁቱት። ቤቱ ተወርሶ ማዳም ወደ አገሯ ስትገባ፣ «ላስተምርልሽ» ብላ አንቺንም ስትወስድ፣ ያ ሁሉ ሳቅ አብሮ ሄደ። ይናፍቀኛል ልጄ። የወጥ ቤቱ ጭስ ሳይቀር ይናፍቀኛል።

አሁን የሆነውን ስሚ። ዕቃውን ከደሴ ያመጣው ሾፌር፣ ንጉሡ፣ እኔን ቢያጣኝ ለአጎትሽ ለቄሰ ገበዝ ላቀው ሰጥቶ አለፈ። የኛ ጊዮርጊስ ደግሞ ዘቢብ አጥቶ ከገና ወዲህ ቅዳሴ ታጉሎበታል። አጎትሽ ከረጢቱን ቢከፍቱ ዘቢብ ሆነ። የካህን ቤት ሰው ዘቢብ ከቁርባን ሌላ ሥራ አለው ብሎ መቼ ያስባል? በማግስቱ ሕዝቡ ፊት ቆመው፣ ደብረወርቅ ከባሕር ማዶ ለጊዮርጊስ ስለት ላከች ብለው ምርቃቱን አዘነቡልሽ። ሰዉ አሜን ሲል እኔ መሐሉ ቆሜ እሳት ጎርሻለሁ።

ቤታቸው ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። በሊጥ ተጠቅልሎ እንደሚበላ ስነግራቸው፣

«ዘቢብ ከአይብ ጋር?» አሉ።

«አዎ ጋሼ። ለሠርጓ ነው።»

ከረጢቱን አንስተው እጄ ላይ አስቀመጡት። «የልጅሽ ነው፤ ውሰጂው። ተሳስቻለሁ ብዬ ለሕዝቡ እናገራለሁ።»

ይኸን ሲሉኝ ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። ቢሆንም ይዤው ወጣሁ። ደጃፌ ስደርስ ጎረቤቴ ወርቂቱ ሕፃኗን ታቅፋ ትጠብቀኛለች። ልጅቷ ሰማንያ ቀኗ ካለፈ ሰነባብቷል፤ ቅዳሴ ስለሌለ ክርስትና አልተነሣችም።

«ጊዮርጊስ ለልጅሽ ይክፈላት» አለችኝ። «የኔዋም እሑድ ክርስቲያን ልትሆን ነው።»

ከረጢቱን ጉያዬ እንደያዝኩ ተመልሼ ለአጎትሽ ሰጠሁ።

ጥቅልሉን ግን አልተውኩትም። ሌላዋ ጎረቤቴ ዘይነባ ለረመዳን ካስቀመጠችው ተምር ዘግናልኝ፣ አይቡን በጨው አሽቼ፣ እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት አድርጌ ጋገርኩት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሠርግሽን በላንልሽ። ዘይነባ «ጨውና ተምር አንድ አፍ ውስጥ ምን አገናኛቸው?» እያለች፣ እያማረረች ትሪውን አጋመሰችው። አጎትሽም ዘቢብ እንደሌለበት አስምለውኝ በሉ።

አንቺ ዘቢብ ስትበዪ እኔ ተምር መብላቴ ቅር እንዳይልሽ። ከዘቢብሽ አልቀረሁም፤ የዚያን ዕለት ቆረብኩ። ደሴ እያለን ስትጠይቂኝ፣ መቁረብ የሽማግሌና የበሽተኛ ነው እያልኩ በሳቅ አልፍሽ ነበር። ጽዋውን ስቀበል አጠገቤ የቆምሽ መሰለኝና አለቀስኩ። ሳሌ እንደዚያው ነው። ከጤና ጣቢያው ደሴ ሆስፒታል ሂጂ ብለውኛል፤ አውድማው ይነሣና እሄዳለሁ።

ማዳምን ሳሚልኝ። አሳድጋሻለችና «እናቴ» ብትያት ቅር አይለኝም፤ ትንሽ ብቻ ይለኛል። ባልሽን እንደ ራሱ ልጅ ጊዮርጊስ ይጠብቅልሽ፤ ቤትሽ እንግዳ አይጣ፤ ወልደሽ ሳሚ።

ለከርሞ እመጣለሁ ብለሽኛል። ከቻልሽ ለፋሲካ አድርጊው።

እናትሽ
አመለወርቅ ቢተው